አንድ ከሆነ ርገጪ፣ ሁለት ከሆነ ልቀቂ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ወላሂ የሆነ ነገር ነው። ግማሹን በራሴ ጆሮ ሰምቼዋለሁ... የቀረውን የነገረችኝ ደግሞ ውሸት የማይሆንላት ሴት ናት።

ማታ አልነበረም። መብራት አልጠፋም፤ ውሻም አላላዘነም። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል... አዳማ፣ ወደ ወንጂ በሚያወጣው መንገድ ዳር። የአዳማን የሚያዝያ ፀሐይ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። በዚያ ሰዓት እንኳን የሞተ ሰው፣ በሕይወት ያለውም ጥላ ፈልጎ ይገባል።

ስሜ ኑሬ ነው። ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እጠግናለሁ። ይህን በስልኳ የምትጽፍልኝ ልጄ ሃፍሳ ናት። ነጥብ ነጥቡን የምታበዛውም እሷ ናት፤ እኔ በአጭሩ ነው የምነግራት።

ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም። የጎረቤቴ የዘርፉ ነው።

ዘርፉና ባሏ ገመቹ ከሱቄ ጀርባ ጋራዥ አላቸው። ግቢያቸውን ከእኔ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ያገኙትን መኪና ሁሉ አይሠሩም። ዋዝ ብቻ ነው የሚሠሩት። ጦር ሠራዊቱ ተገልግሎባቸው ያረጁትን፣ ባለ ሸራ ጣሪያዎቹን፣ አረንጓዴዎቹን የሩሲያ መኪኖች። ጨረታ ሲወጣ ገመቹ ሄዶ አስጎትቶ ያመጣል፤ ይፈታታል፤ ይገጥማል። ከዚያ የአቦምሳ ገበሬ ወይ የላንጋኖ ሎጅ ባለቤት ወይ የሻሸመኔ ነጋዴ መጥቶ ይወስዳል።

ሸራውንና የወንበሩን ልብስ የምትሰፋው ዘርፉ ናት። ሌላም ሥራ አላት።

ፍሬን ትረግጣለች።

ለማያውቅ ላስረዳ። የፍሬን ቱቦ ከተፈታ አየር ይገባበታል። አየር የገባበት ፍሬን ሲረግጡት ባዶ ነው፤ መኪናውን አያቆምም። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፍሬኑን ይረግጣል። ሌላው ከሥር ተኝቶ ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከላይ ያለው ሰው ሳይባል እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሌላው መካኒክ ከሥር ሆኖ ይጮኻል። ገመቹ ግን ወታደር በነበረበት ጊዜ ጆሮውን መድፍ ስለጎዳው መጯጯህ አይሆንለትም። በያዘው ቁልፍ ሻንሲውን፣ መኪናውን ከሥር የተሸከመውን ብረት፣ ያንኳኳል።

አንድ ካንኳኳ... ርገጪና ያዢ።

ሁለት ካንኳኳ... ልቀቂ።

በተጋቡ በሳምንቱ ነው ያስተማራት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። ተኳርፈው ሳምንት ሙሉ ባልተነጋገሩበት ጊዜ እንኳ እሱ ከሥር ያንኳኳል፣ እሷ ከላይ ትረግጣለች። ብዙ ጊዜ እርቃቸውም እዚያው ነው የሚያልቀው። እሷ ንዴቷን በፍሬኑ ስትወጣበት እሱ ከሥር ሆኖ ይስቃል... ከዚያ አብረው ምሳ ይበላሉ።

«እኔና ገመቹ የራሳችን ቋንቋ አለን» ትለኝ ነበር፤ በኩራት።

ይህችን ንግግር ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ገመቹ ከጨረታ አንድ ዋዝ አስጎትቶ መጣ።

ሌላ ጊዜ ሲገዛ መራጭ ነው። ሞተር ያያል፣ ጥርስ እንደሚያይ ከብት ገዢ ሁሉንም ይነካካል። ያን ቀን ግን፣ አብሮት የነበረው ደላላ እንደነገረኝ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ወደቆመችው በቀጥታ ሄደ። የክት ልብሱን እንደለበሰ ከሥሯ ገብቶ ተኛ። ቆየ። ሲወጣ «ይቺን» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ማንም ያልፈለጋት መኪና ነበረች። ሞተሯ ደርቋል። ጎማዎቿ ተቀዳደዋል። ኮፈኗ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርቶባታል።

ዘርፉ ለምን ይችን እንደመረጠ ጠየቀችው።

«ሻንሲዋ ጤነኛ ነው» አላት... ዓይኗን ሳያይ።

ጤነኛ አልነበረም። በቀኝ በኩል፣ የኋላ ጎማው አጠገብ፣ ተሰብሮ የተበየደ ቦታ ነበረው። ዘርፉ የልብስ ስፌት እንደምታይ አየችው። ጎርበጥባጣ ነው፤ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ አንሷል።

«ይህን የበየደው ለማጅ ነው» አለች እየሳቀች።

ገመቹ አልሳቀም። «አዎ... ለማጅ ነበር» አለ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ባሏ ሌላ ሰው ሆነባት።

ሁለት ወር ሙሉ ከዚያች መኪና አልተለየም። አንድ የአቦምሳ ሰው ሳትጠገን እንዳለች ልውሰዳት ቢለው «አትሸጥም» ብሎ መለሰው። ሞተሩን አስነሳ። የሦስቱን ጎማ ፍሬን ጨረሰ። አራተኛው ግን፣ ያ የቀኝ የኋላው፣ እምቢ አለ። ማታ አየሩን አስወጥተው፣ ፍሬኑ ድንጋይ ሆኖ ይተኛሉ። ጠዋት ሲረግጡት... ባዶ። ዘይት የሚያንጠባጥብበት ቦታ የለም። ቱቦው አዲስ ነው።

በየቀኑ ያስወጡታል። በየቀኑ ተመልሶ ይገባል።

አንድ ቀን ዘርፉ ውኃ ልትሰጠው ጎንበስ አለች። ገመቹ ከሥር ተኝቷል። እጁ ላይ ምንም ቁልፍ የለም። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ዓይኖቹን ከፍቶ፣ ያን ብየዳ ያያል። ጠራችው፤ አልሰማትም።

ሌላም ነገር አየች።

መካኒክ ከመኪና ሥር ሲገባ ካርቶን ያነጥፋል። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ካርቶን ያነጥፋል።

ገመቹ ያነጠፈው ሁለት ነበር... ጎን ለጎን።

«ሁለተኛው ለምንድን ነው?» አለችው።

«አንዱ ተቀዷል» አላት።

ማታ ስትሰበስባቸው አገላብጣ አየቻቸው። አንዱም አልተቀደደም። ሁለቱም መሐል ላይ ግን ሰው የተኛበት ጉድጓድ ነበረባቸው።

ያኔ ነው መፍራት የጀመረችው። ፍርሃቷ ከጂኒ ወይም ከመንፈስ አልነበረም፤ ባሏ አእምሮውን እየሳተባት መስሏት ነበር። የሃፍሳ እናት በሞተች ጊዜ እኔ የሆንኩትን ዘርፉ አይታለችና፣ እኔን መጥታ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ምን ልበላት?

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ደረሰ።

መኪናዋ ሰኞ ለዓመታዊ ምርመራ ቀጠሮ ተይዞላታል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ገና አልተገጠመም። ግቢው ደግሞ ወደ ኋላ ግንብ በኩል ትንሽ ያዘቀዝቃል። ገመቹ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጀርባ ትልልቅ ታኮ ድንጋይ አደረገ፣ መኪናዋን ከማርሽ አውጥቶ ፎሌ ላይ አቆመ፣ ካርቶኖቹን አነጠፈ፣ ዘርፉን ጠራት።

ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ወደ ግቢው በር ነው።

ከሥር አንድ አንኳኳ። ረገጠች።

ሁለት። ለቀቀች።

አንድ... ሁለት... አንድ... ሁለት። ሰላም ነው። ፍሬኑ እየጠነከረ መጣ። ዘርፉ ለምሳ ምን እንደምትሠራ ታስባለች።

ትንሽ ቆይቶ ማንኳኳቱ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት እየጮኸ ስለነበር ሌላ ነገር አልሰማችም። ከዚያ እንደገና...

አንድ።

ረገጠች።

ቆየ። በጣም ቆየ። እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ገመቹ... እግሬ ደከመ» አለች። መልስ የለም። ጆሮው ነው ብላ ዝም አለች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ እጇን አንስታ ጠረገችው፤ እግሯን ግን አላነሳችም። ሃያ ዓመት የሠራ እግር ነው፤ ካልተባለ አያነሳም።

ሁለት።

ለቀቀች። ትንፋሽ እንኳ ሳትሰበስብ...

አንድ።

አሁን ማንኳኳቱ ተለይቶባታል። ገመቹ ሲያንኳኳ ቀለል ያደርገዋል፤ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ። ይሄ ከበድ ያለ ነው። ከመታ በኋላ ቁልፉ ብረቱ ላይ ትንሽ ይቆያል።

እንደገና ረግጣ ያዘች። ቆየ... ቆየ...

የግቢው በር ተከፈተ።

ገመቹ ገባ።

በአንድ እጁ አሥር ቁጥር ቁልፍ ይዟል። በሌላው በፌስታል ሙዝ።

እዚህ ላይ እኔ ምስክር ነኝ። የእሱ ቁልፍ ቡሎኑን እየሳተ ስላስቸገረው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ለዘርፉ «መጣሁ» ብያታለሁ አለኝ፤ በወፍጮው ጩኸት አልሰማችውም። ቁልፉን ስንፈልግ፣ ውኃ ስንጠጣ፣ ሩብ ሰዓት ከእኔ ጋር ነበር። ከዚያ በመንገድ ዳር በኩል ዞሮ ሙዝ ገዝቶ ሄደ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ከመኪናዋ ሥር አልነበረም።

ዘርፉ በፊት መስተዋቱ አየችው። እግሯ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነው።

ከሥር... ሁለት አንኳኳ።

እግሯ ራሱ ተነሳ።

«ገመቹ...» አለች፣ መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ።

«ወዬ።»

«ከሥር ማን አለ?»

ባሏ ምን ማለትሽ ነው አላላትም። ጎንበስ ብሎም አላየም። ፌስታሉን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

«ስንት አንኳኳ?» አላት።

«ሁለት... አሁን ሁለት።»

ገመቹ ባለበት ቁጢጥ አለ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ለእኔ ሁለት አንኳኩቶ አያውቅም» አለ።

ይዛው ወደ እኔ ሱቅ መጣች። ከመኪናዋ ሥር ማየት የሚባለውን ነገር ማናችንም አላነሳነውም። አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥነው፣ ውኃ ሰጠነው። ሃያ ዓመት ያልተናገረውን በሩብ ሰዓት ተናገረ።

ወዬሳ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ የአቦምሳ ልጅ። አብረው ሠለጠኑ፣ አንድ ዋዝ ላይ ተመደቡ። ገመቹ ሾፌር፣ ወዬሳ መካኒክ። ማንኳኳቱን የፈለሰፈው ወዬሳ ነበር። ብየዳ ያስተማረውም እሱ ነው፤ ያ ጎርባጣ ብየዳ ገመቹ በሕይወቱ የሠራው የመጀመሪያው ነው። ጨረታው ላይ ከሥሯ ተኝቶ የለያት በዚያ ነው።

አንድ ቀን ግንባር ላይ የቀኝ የኋላ ጎማው የፍሬን ቱቦ ተበጠሰ። ወዬሳ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ገመቹ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይረግጣል። ሥራው ሊያልቅ ሲል የከባድ መሣሪያ ጥይት መውደቅ ጀመረ... አንዱ ከፊት። አንዱ ከኋላ።

«አንድ አንኳኳ» አለ ገመቹ።

አንድ ጣቱን አነሳ።

«ያዝ ማለት ነው። አለሁ፣ ከሥር ነኝ፣ እንዳትለቅ ማለት ነው።» አፉ ደርቆ ውኃውን ተጎነጨ። «እግሬን አነሳሁ። ማርሽ አስገባሁ። ሄድኩ።»

ወዬሳ እዚያው ከሥር ቀረ፤ ገመቹ ግን ለአለቆቹ ሁለት ሰማሁ አለ። ለወዬሳ እናትም አቦምሳ ድረስ ሄዶ ሁለት ሰማሁ አለ። ሁሉም አመኑት። እናቲቱ ዳቦ አስይዘው ሸኙት።

ዘርፉ አላለቀሰችም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ያንገበገባት ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ስለ ራሷ ነበር።

«ሃያ ዓመት የኛ ነው ስል የኖርኩት... የእሱ ነበር?» አለችው።



እኔ እንኳ መኪናዋን ቆራርጠን ለብረት እንሽጣት አልኩ። ሼኽም ቄስም እንጥራ አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ዘርፉ ቀና አለች። ፍሬኑ አየር እየመለሰ ያስቸገረው ለምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

«እሱ ከሥር ከሆነ» አለች፣ «ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያለብኝ እኔ አይደለሁም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመቹ ወደ መኪናዋ ወጣ።

ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ታኮ በእግሩ እየመታ ሲያረጋግጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አልተነቃነቁም። እኔ ከአጥሩ ቀዳዳ በዚህ በኩል ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲያ እግሬ አልሄደልኝም።

ወፍጮ ቤቱ ዘግቷል። ግቢው ጭር ብሏል።

አንድ አንኳኳ።

እኔም ሰማሁት። ብረት በብረት... ከበድ ያለ።

ገመቹ ረገጠ።

ጠበቅን።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት። ሰዓት ሙሉ። ገመቹ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱን ያያል። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ዘርፉ ውኃ አጠጣችው፤ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችለት።

«ማሎ ገመቹ... እባክህ ውረድ» አለችው።

«ሁለት አላለኝም።»

«እግርህ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ያኔ አልጠበቅኩትም» አላት ቀስ ብሎ። «አሁን እጠብቀዋለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ጭኑ ሲንቀጠቀጥ መኪናዋም አብራ ትንቀጠቀጣለች። ዘርፉ ባሏ እዚያ ወንበር ላይ እንደሚሞት አወቀች። ወዬሳ ሁለት አያንኳኳም። ገመቹም ካልተንኳኳለት አይወርድም።

ታዲያ እሷ ልታንኳኳለት ወሰነች።

ውኃ የምትቀዳ መስላ ወደ ኋላ ዞረች። አሥር ቁጥሩን ቁልፍ አነሳች። ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀርባ፣ በባሏ ካርቶን ላይ፣ በጀርባዋ ተኛች። ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ተሳበች።

ከሥር ይበርድ ነበር። ውጭ መሬቱ እግር ያቃጥላል፤ ከሥር ግን ይበርድ ነበር። የሲጋራ ሽታ አለ። ገመቹ አያጨስም።

ወደ ጎን አላየችም። ሁለተኛው ካርቶን በግራዋ ነው፤ በዓይኗ ጥግ ግራጫ ነገር ይታያታል። ዓይኗን ብየዳው ላይ ተከለች።

ቁልፉን አነሳች። መታች።

አንድ።

ሁለተኛውን ልትመታ ቁልፉን መለስ አደረገች...

ከጎኗ ተመታ።

ዘርፉ አልመታችም። ቁልፉ አየር ላይ ነው፤ እጇ ውስጥ ነው። ድምፁ የመጣው ከግራዋ ነበር። ከበድ ያለ... ከመታ በኋላ ብረቱ ላይ ትንሽ የሚቆይ።

ሁለት ሆነ።

ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ የገመቹ ድምፅ መጣ፤ ጎርናና፣ ቀስ ያለ።

«ሰምቻለሁ። ሁለት ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«ግን እግሬን አላነሳም» አለ ገመቹ። «መጀመሪያ ውጣ። ወጥተህ በዓይኔ ሳይህ ነው የማነሳው።»

ዘርፉ እዚያው ተኝታ አለቀሰች። ሃያ ዓመት ያገባችው ሰው ይሄ ነው ብላ አለቀሰች። ከዚያ ለመውጣት አንገቷን ወደ ጎማው አዞረች።

ታኮው የለም።

ከጎማው ጀርባ ድንጋይ ነበር። አሁን ባዶ መሬት ነው። በእግሯ በኩል፣ በግራው ጎማም... ባዶ ነው። ጎማውና ደረቷ መሐል አንድ ክንድ አይሆንም። መኪናዋን የያዛት የገመቹ እግር ብቻ ነው።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይደነግጣል፤ ከደነገጠ እግሩ ይንሸራተታል። በክርኗ፣ በተረከዟ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተሳበች ወጣች። ተነሳች። ጀርባዋ አቧራ እንደሆነ በጎን ዞራ ከፊቱ ቆመች።

ገመቹ አያት። ዓይኖቹ ፈጠጡ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ... እግርህን እንዳታነሳ። ታኮው የለም።» ድምፅዋን ሳታነሳ ቀጠለች፤ «ኑሬ... ድንጋይ አምጣ።»

ያኔ እግሬ ታዘዘልኝ። ድንጋይ ይዤ በቀዳዳው ስገባ ግን የገመቹ እግር ጉልበቱን ጨርሶ ነበር። ከፍሬኑ ላይ ሲወድቅ አየሁት። መኪናዋ ያለ ድምፅ ወደ ኋላ ሄደች። ጎማው ዘርፉ በተኛችበት ካርቶን ላይ ወጣ፤ ደረቷ በነበረበት ልክ አለፈ፤ ከግንቡ ጋር ተላትማ ቆመች።

ገመቹን ተሸክመን አወረድነው። ምንም አልሆነም፤ ጭኑ ግን ለሦስት ቀን አላስረገጠውም።

ከዚያ ወደ ካርቶኖቹ ሄድን። የዘርፉ ላይ የጎማው ጥርስ ከዳር እስከ ዳር ታትሟል። ሁለተኛውን ጎማው አልነካውም። በራስጌው በኩል ሁለቱ ታኮ ድንጋዮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል... እንደ ትራስ።

ማን እንዳነሳቸው አላውቅም። እኔ ከአጥሩ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ዘርፉ ለባሏ ሁለቱንም ያንኳኳሁት እኔ ነኝ አለችው። እውነቱን የምናውቀው እሷና እኔ ነን። አሁን ደግሞ እናንተ። ገመቹ ስልኩ በተን ስልክ ነው፤ ይህን አያነብም። ብትነግሩት በእናንተ ይሁን።

ንገሪው አልኳት አንድ ቀን። ወዬሳ በመጨረሻ ሁለት አንኳኩቶልሃል በይው፤ ይገላገላል አልኳት።

«ታኮውን ማን አነሳው ብሎ ቢጠይቀኝስ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ያ ሁለተኛው ምት ይቅርታ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከጎኑ ተኝታ የሰማችው እሷ እንኳ አታውቅም።

ዛሬም ዋዝ ይሠራሉ። ዛሬም ዘርፉ ፍሬን ትረግጣለች። ማንኳኳት ግን ቀርቷል። በስም ነው የሚጠራሩት። «ዘርፉ፣ ርገጪ።» «ዘርፉ፣ ልቀቂ።» ጆሮው ባይሰማም እሷም ጮክ ብላ ትመልስለታለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማቸዋል። ያቺ መኪና ግንቡ ሥር እንዳለች ናት። አልተሸጠችም፤ አልተነዳችም። በአራቱም ጎማ ታኮ አለባት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እኔ ሱቅ ነው የምንበላው፤ ሦስታችን። ግቢው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ገመቹ ኪስ ውስጥ ሆኖ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ብረት በብረት ይመታል።

አንድ።

ሁለተኛውን እንጠብቃለን። አይመጣም።

ዘርፉ እኔን ታየኛለች። እኔ ሳህኑን አያለሁ። ገመቹ የሰማ አይመስልም፤ ይጎርሳል፣ ስለ ጎማ ያወራኛል፣ ስለ ሙቀቱ ያወራኛል። ከጠረጴዛው ሥር ግን ቀኝ እግሩ ቀስ ብሎ ወለሉን ይጫናል።

ምሳው አልቆ፣ ዘርፉ ሳህኑን አንስታ፣ እኔ ወደ ሥራዬ እስክመለስ ድረስ... አያነሳውም።